ለክቡር ሰብሳቢያችን፤ ስለታሸገው ታንከርና ስለ ጩኸቱ

ለሠፈራችን የንቃትና የጥበቃ አስተባባሪ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ
መርሳ

ክቡርነትዎ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ የተከበሩት ባለቤትዎና ልጆችዎ ከራስ ጸጉራችሁ እስከ እግር ጥፍራችሁ ደኅና ትሆኑ ዘንድ የዘወትር ዱዓዬ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ። እኛ ለጤናችን አልሐምዱሊላህ፤ የጎደለን ነገር ቢኖር ክቡርነትዎ ባለፈው ሳምንት በአዳራሹ ስብሰባ ላይ በሰፊው ያስተማሩን ማስተዋል ብቻ ነው። በዚያ ስብሰባ «አንዳንድ ሰዎች በራሳቸው ግዴለሽነት ወደማይኬድበት ስፍራ ሄደው ተጎዱ እንጂ ኮሚቴያችን በዚህ ሠፈር አንድም ጉዳት እንዲደርስ አልፈቀደም» ብለዋል። ከእነዚያ «አንዳንድ ሰዎች» አንዷ የግቢዬ ተከራይ፣ ሥጋዬ ያልሆነች እህቴ ሙሉ ናት። ሙሉ ያን ዕለት በኋለኛው ወንበር ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተቀምጣ ስትሰማዎት ነበር። ጭብጨባው ሲነሳ እሷም እጇን አንስታ አጨበጨበች፤ ለምን እንዳደረገችው ስጠይቃት «ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ ብቻ ዝም ብል ደግሞ ምን እባላለሁ?» አለችኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በዚች መልሷ ምክንያት ነው። በአደባባይ የጻፍኩት ደግሞ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለምባል፣ ከስብሰባ የሚወጡበትን ቀን ስጠብቅ እንዳላረጅ ብዬ ነውና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ማንነቴን ለሌሎች አንባቢዎች ስል ላስተዋውቅ፤ ክቡርነትዎማ በወንበር መጋዘንዎ ውስጥ ስላሳደሩኝ በሚገባ ያውቁኛል። ሁሪያ ኡበይደላ እባላለሁ። ከአባቴ በወረስኩት ግቢ ውስጥ በልብስ ስፌት እተዳደራለሁ። ሕዝቡ ሁሉ ከስቶ ልብሱን ሊያስጠብብ በሚመጣበት በዚያ የመከራ ዓመት የክቡርነትዎን ኮት ወገቡ ላይ ያሰፋሁት እኔ ነኝ። ሙሉ የጉባ ላፍቶ ደገኛ ናት፤ ገበያ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት እየሸጠች፣ ከአልጋ የዋሉ እናቷን እማማ ፋንቱን ታስታምማለች። ከአልጋ የዋለን ሰው ያስታመመ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እንዲህ ያለ በሽተኛ ከመድኃኒት በፊት የሚፈልገው ውሃ ነው። ይታጠባል፣ ይገላበጣል፣ አንሶላው ይታጠባል፣ እንደገና ይታጠባል። ውሃ የሌለ እንደሆነ ገላው ይቆስላል።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ ወንድሜ ስለ ሙስዐብ አመሰግንዎታለሁ። ሙስዐብ በገበያው መንገድ ሬዲዮና ሞባይል ይጠግን የነበረ ሰው ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ታጣቂዎቹ ወደ ወልድያ ሲቃረቡ ክቡርነትዎ በድምፅ ማጉያ «ጉልበት ያለው ሁሉ ይውጣ! እኔ ከፊታችሁ ነኝ!» ብለው ሲጠሩ፣ ወንድሜ የመበየጃ ካውያውን ከሶኬት ነቅሎ፣ ጠረጴዛውን ጠርጎ፣ የሱቁን ቁልፍ በእጄ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ክቡርነትዎም ቃልዎን አላጠፉም፤ በእርግጥም ከሁሉም ፊት ነበሩ። አቅጣጫው ወደ ደሴ መሆኑን ብቻ ነው ሳይነግሩን የቀሩት። ሙስዐብን መጨረሻ ያዩት ሰዎች ውርጌሳ አጠገብ የቆሰለ ሰው በጀርባው ተሸክሞ ሲሄድ እንዳገኙት ነግረውኛል። ከዚያ ወዲህ ሞቶም እንደሆን መርዶ፣ ቆሞም እንደሆን ድምፅ አልደረሰኝም። ከእሱ የቀረኝ የዕቃ ሣጥኑ ነው፤ ሽቦ፣ ብሎን፣ ከሞቱ ሬዲዮኖች የተነቀሉ ጥቃቅን ነገሮች። ያም ሣጥን ዛሬ የት እንዳለ ክቡርነትዎ ያውቃሉ።

ሁለተኛ፤ ስለ ውሃው አመሰግናለሁ፤ ምንም እንኳ ውሃው የክቡርነትዎ ሥራ ባይሆንም በስብሰባ ሁሉ «ውሃ አስመለስንላችሁ» ሲሉ ስለምሰማ ምስጋናውን ለሌላ መስጠት አልቻልኩም። ታጣቂዎቹ በ2014 ታኅሣሥ ከወጡ በኋላ ውሃው ተመለሰ፤ አመጣጡ ግን እንደ ትልቅ ሰው ነበር፤ ሳይነግር ይመጣል፣ ሳይሰነብት ይሄዳል። የሠፈራችን ቧንቧ በከባድ መሣሪያ ተመትቶ ስለ ነበር ውሃው በደኅና የሚደርሰው እኔ ግቢ ብቻ ነው። ስለዚህ ታንከሬ ሲሞላ መግቢያውን እዘጋና ውሃውን በጎማ ወደ ጎረቤት ጀሪካኖች እመልሰዋለሁ። ታንከሩ መሙላቱን ያየ ሰው ከሌለ ግን ውሃው ከላይ ሞልቶ እየፈሰሰ መሬት ይጠጣዋል፤ ለቀሪው ሠፈር የሚደርስ ነገር የለም።

አንድ ቀን ሠፈሩ በሙሉ ቀብር ወጥተን ስንመለስ ጭቃ ተቀበለን። ውሃው በሌለንበት መጥቶ፣ ታንከሩን ሞልቶ፣ በጎኑ ፈስሶ፣ ተራውን ጨርሶ ሄዷል። ከበታቻችን የሚኖሩት እማማ ሸዋዬ የቀብር ነጠላቸውን ሳያወልቁ ተንበርክከው ከቦዩ ውስጥ ድፍርሱን በኩባያ ሲጨልፉ አየናቸው። ሙሉ ታንከሩን ቀና ብላ አየችውና «እታለም፣ ይኸ ታንከር አፍ ቢኖረው ምን ነበረበት?» አለችኝ። እኔም «እንሥራለታ» አልኩ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ «የረቀቀ መሣሪያ» ብለው በስብሰባ የገለጹት ነገር አሠራሩ ይህ ነው። ከሙስዐብ ሣጥን አንዲት ትራንዚስተር፣ ማለት ጥቂት ኤሌክትሪክ ሲነካት ብዙውን የምታሳልፍ የምስር ፍሬ የምታህል ዕቃ፣ አወጣሁ። ከተሰበረች የልጆች መጫወቻ አምቡላንስ የሳይረኗን ድምፅ ማውጫ ፈታሁ። ሁለት የባትሪ ድንጋይ ጨመርኩ። መብራት ስላልነበረ ካውያውን በከሰል አግዬ ሁሉንም አንድ ላይ በየድኳቸው። ከዚያ ሁለት ሽቦዎችን በታንከሩ ክዳን በኩል አሳልፌ ጫፋቸውን ውሃው ሲሞላ በሚደርስበት ልክ አንጠለጠልኳቸው። ውሃው ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ ሲነካቸው በመካከላቸው ድልድይ ይሆናል፤ አምቡላንሷም ትጮኻለች። ምሥጢሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ ያለፈ የሚመረመር ነገር የለውም።

መጀመሪያ አልተሳካልኝም። የመዳብ ሽቦው ጫፍ ብዙም ሳይቆይ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ውሃው ቢነካውም ዝም አለ። ዝገቱን ፍቄ ስመልሰው ደግሞ ከክዳኑ ሥር የሚንጠባጠበው የውሃ ላብ ሁለቱን ሽቦዎች ስላገናኛቸው ታንከሩ ባዶ ሆኖ ጮኸች። ሙሉ ጀሪካኗን ይዛ ሮጣ መጥታ ባዶውን ታንከር ስታንኳኳ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ «ይቺ ወሬኛ! ያላየችውን ታወራለች!» አለች። ስሟም ወሬኛዋ ሆኖ ቀረ። በኋላ ሽቦዎቹን በእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ አሳለፍኳቸው፤ ጫፋቸው ላይም የማይዝጉ ሁለት የሻይ ማንኪያዎች አሠርኩ። ከዚያ ወዲህ ዋሽታ አታውቅም።

በትክክል በጮኸችበት የመጀመሪያው ቀን እማማ ሸዋዬ ደረታቸውን ይዘው እየሮጡ መጡና «ማን ተጎዳ?» አሉ።

«ማንም አልተጎዳም እማማ፤ ታንከሩ ሞልቶ ነው።»

እማማ ሸዋዬ የያዙትን ደረታቸውን ለቀቁ። «ሰው ሳይጎዳ ይኸን ድምፅ ስሰማ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው» አሉና ጀሪካናቸውን ሊያመጡ ተመለሱ። ያ ክረምት ውሃ ሲመጣ ሠፈሩ በሙሉ የሚሰማበት፣ ልጅ አዋቂው ተሰልፎ የሚቀዳበት፣ እማማ ፋንቱም በየቀኑ ታጥበው የሚያድሩበት ክረምት ሆነ። የክቡርነትዎ ባለቤትም ሠራተኛቸውን ልከው ከዚሁ ውሃ ያስቀዱ ነበር፤ ይህን የማነሳው ለክፋት ሳይሆን፣ ውሃው መርዝ ነው በተባለ ጊዜ በቤትዎ የደረሰ ሕመም እንዳልነበረ ለማስታወስ ያህል ነው።

ሦስተኛውን ምስጋና በአጭሩ ልጽፈው አልቻልኩም፤ ክቡርነትዎ ጊዜ ካላቸው ይታገሡኝ።

በ2014 ነሐሴ መጨረሻ በቆቦ በኩል ውጊያው እንደገና ተነሳ። መንገዱ በተፈናቃይ ተሞላ። ያለፈውን ዓመት ያየ ሰው ሁሉ ልቡ በአፉ ነበርና ኮሚቴው ቤት ለቤት መፈተሹን ማንም አልጠላም፤ እኔም በሩን ከፍቼ «አብሽሩ፣ ግቡ» ነው ያልኳችሁ። ክቡርነትዎ ከታንከሩ ወደ ስፌት ክፍሌ የሚወርደውን ሽቦ አይተው ቆሙ።

«ይኸ ከየት ወዴት ነው?»

«ከታንከሩ ወደ እኔ ነው፤ ውሃ ሲሞላ ይጠራኛል።»

«ማን ነው የሚጠራሽ?»

«ውሃው።»

«ውሃው!» ብለው ወደ ባልደረቦችዎ ዞሩ። «ባትሪ አለው፣ ሽቦ አለው፣ ይጮኻል። ፈንጂ የሚባለው ከዚህ ሌላ ምን አለው?»

ሙሉ የእናቷን አንሶላ እያሰጣች ነበርና «ጌታዬ፣ ፈንጂ ቢሆን እኛ ሥሩ እንተኛ ነበር?» አለች። ክቡርነትዎም «አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አሏት። እኔ ክዳኑን ከፍተው ጣትዎን በሁለቱ ማንኪያዎች መካከል እንዲያደርጉ፣ ያን ጊዜ እንደምትጮኽ፣ ሲያነሱት ዝም እንደምትል በትሕትና አስረዳሁ። «ጣቴን እንድሰጥሽ ነው?» ብለው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ማፈግፈግዎን አልረሳም። ባትሪውን ራሴ ልንቀልልዎ ብልም «እንዳትነካው!» ብለው ጮኹብኝ። በዚያው ቅጽበት የታንከሩ ቧንቧ ማኅተም በተመታበት ወረቀት ታሸገ፤ ባለሙያ ከደሴ እስኪመጣ ማንም እንዳይቀርብ ገመድ ተጋረደ፤ አማን የሚባለው ጠባቂያችሁ በር ላይ ተተከለ፤ እኔም ከወንድሜ ሣጥን ጋር ወደ ግቢያችሁ ተወሰድኩ።

በመጋዘኑ ውስጥ የጠየቁኝን ጥያቄ እስከ ዕለተ ሞቴ አመሰግንዎታለሁ። ሣጥኑን ጠረጴዛዎ ላይ ከፍተው «ባለቤቱ የት ነው ያለው? ከማን ጋር ነው?» አሉኝ።

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅዎት» አልኩ። «የጠሩት እርስዎ ነበሩ።»

ክቡርነትዎ ሣጥኑን ዘግተው ወጡ። ያን ቀን ምሳ አልመጣልኝም።

እኔ እዚያ ሳለሁ በግቢዬ የሆነውን የነገረኝ አማን ራሱ ነው። ሙሉ ውሃዋ አልቆባት ወደ ገመዱ መጥታ «አማን ወንድሜ፣ ማኅተሙን አልነካም፤ ከላይ በክዳኑ በኩል በጣሳ ልቅዳ። እናቴ ሳይታጠቡ እንዳደሩ ናቸው» አለችው። አማንም «እቱ፣ ብፈቅድልሽ ነገ እኔም ከሁሪያ ጋር ነኝ። ትዕዛዝ ነው» አላት። እሷም «እሺ» ብላ ተመለሰች። ታንከሩ ያን ጊዜ ከግማሽ በላይ ውሃ ነበረው። አማን ይህን ሲነግረኝ የሚያየው መሬቱን ነበር።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ውሃው መጣ። በመጋዘኑ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ የወሬኛዋን ድምፅ ሰማሁ። አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ሞኝነቴ! አሁን ይገባቸዋል፣ ማንኪያዎቹን ያያሉ፣ ይስቃሉ፣ ይለቁኛል ብዬ። ክቡርነትዎ ግን በግቢው ውስጥ «ጀመረ! መሬት ተኙ! ሠፈሩን አስለቅቁ!» ሲሉ ሰማሁ። በሩን በሁለት እጄ እየደበደብኩ «ሞልቶ ነው! ውሃ ነው! መግቢያውን ዝጉት!» ብዬ ጮኽኩ። «አፏን አስይዟት» የሚል መመሪያ ሰጡ። ከታንከሩ የሚፈሰውን ውሃ ልጆች በእጃቸው ሊነኩት ሲሉም «መርዝ ሊሆን ይችላል፣ ማንም አይንካ!» ተባለ። እናም የጠራ ውሃ በሠፈሩ መካከል በቦዩ እየወረደ፣ ሠፈሩ በሙሉ አፉን መሬት ላይ ደፍቶ ሲያየው ዋለ።

ሙሉ እናቷን አዝላ ወደ እማማ ሸዋዬ ቤት አሸሸቻቸው። እማማ ፋንቱ ተበላሽተው ነበር፤ በእማማ ሸዋዬ ቤት ደግሞ የምትጠጣ አንዲት ኩባያ ውሃ እንኳ አልነበረችም። ሙሉ «ወንዝ ደርሼ ልምጣ» አለች። እማማ ሸዋዬ «ልጄ፣ ይኸ ይለፍ» አሏት። «እንዲህ ሆነው እንዴት አስተኛቸዋለሁ?» ብላ ጀሪካኗን አንስታ በጓሮ በኩል ወረደች። ከወንዙ ዳር ያለፈው ዓመት ምሽግ እንደ ተቆፈረ ነው። በዚያ ምሽግ አካባቢ ያልፈነዳ ነገር መኖሩን ሠፈሩ ከጊዜ በኋላ ነው ያወቀው፤ ኮሚቴው ግን ከፋሲካ ጀምሮ ጥቆማ ደርሶት እንደ ነበር ክቡርነትዎ ራሳቸው በስብሰባው ላይ በኩራት ነግረውናል። ምልክት ያልተደረገው ሕዝቡ እንዳይሸበር ታስቦ ነው ብለዋል። ሕዝቡም እውነትም አልተሸበረም፤ ጀሪካን ይዞ በእርጋታ ሄደበት።

ፍንዳታው ሲሰማ እኔ በሩ ሥር ተቀምጬ ነበር። ክቡርነትዎ ከተኙበት ቀና ብለው የተናገሩትን ቃል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ «ይኸው! አላልኳችሁም?» ነው ያሉት። በድምፅዎ ውስጥ የነበረውን ደስታ ለመግለጽ አማርኛዬ አይበቃም። ከዚያ ወሬኛዋ ከግቢዬ አሁንም ስትጮኽ ሰሙ። የፈነዳው ሌላ ነገር፣ በሌላ ቦታ መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብዎ።

አማን ጥበቃውን ትቶ ሮጦ ወረደ። ሙሉን በጀርባው አዝሎ፣ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አሥሮ እስከ አስፋልቱ አወጣት። አምቡላንስ ተብሎ ተጠራ፤ የለም ተባለ። በዚያን ዕለት በመርሳ ሲጮኽ የዋለው ብቸኛ አምቡላንስ የእኔ መጫወቻ ነበር፤ ባትሪው ደክሞ ድምፁ እስኪጎረንን ድረስ። ሙሉ በባጃጅ ተጭና ወልድያ ደረሰች። ግራ እግሯ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ነፍሷ በመትረፏ አልሐምዱሊላህ እንላለን፤ እሷም በሃይማኖቷ ተመስገን ትላለች።

እኔን ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ «ለጊዜው ሂጂ» ብለው ለቀቁኝ። ቤቴ ስደርስ ውሃው ተራውን ጨርሶ ሄዷል፤ ታንከሩ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ማኅተሙ ሳይነካ እንደ ታሸገ ነው። ከቀናት በኋላ የተጠበቀው ባለሙያ ከደሴ መጣ፤ ትኩሳት የያዘው የሚመስል የደከመ ወታደር ነበር። ታንከሩ ላይ ወጥቶ ክዳኑን አነሳ፣ ማንኪያዎቹን አየ፣ ወርዶም «የታሸገው ለዚህ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ወታደሩ ማኅተሙን በጥፍሩ ልጦ ቧንቧውን ከፈተና በእፍኙ ጠጣ፤ ፊቱንም ታጠበ። ወደ እኔ ዞሮ «እህቴ፣ የተጎዳ ሰው አለ ያሉኝ እዚህ ግቢ ነው?» አለኝ። «አዎ» ስለው ቆቡን አወለቀ፤ ከዚያ ሄደ። ለሙሉ ከመንግሥት ወገን ቆቡን ያወለቀላት ሰው እስከዛሬ እሱ ብቻ ነው።

እኔ ወሬኛዋን ነቅዬ በጨርቅ ጠቅልዬ ደብቄያት ነበር፤ ድምፁን ዳግመኛ መስማት አልችልም ብዬ። ሙሉ ከሐኪም ቤት ወጥታ ግቢ የገባች ዕለት ታንከሩን ቀና ብላ አየችና «የት አደረግሻት?» አለችኝ።

«ጣልኳት» ብዬ ዋሸኋት።

«ፈልገሽ መልሰሽ ስቀያት፤ ከእንግዲህ እኔ ተነስቼ ሞላ አልሞላ እያልኩ ማየት አልችል» አለች።

ሰቀልኳት። በጮኸች ቁጥር ሙሉ ዓይኗን ጨፍና እስክትጨርስ ትጠብቃለች። ከዚያ «ሁርዬ፣ ዝጊው» ትለኛለች።

ክቡርነትዎ፣ ሰላም ወረደ ከተባለ ወራት ሆኑ። ይህንኑ ምክንያት በማድረግ ኮሚቴው ለራሱ የምስጋና ወረቀት መስጠቱን ሰምተን ደስ ብሎናል፤ ሰው ሌላ አመስጋኝ ሲያጣ ምን ያድርግ? በእኛ በኩል ግን ጥቂት ልመናዎች አሉን።

የሙስዐብን ሣጥን ይመልሱልኝ። «ምርመራው አላለቀም» መባሉን አውቃለሁ፤ ሆኖም በውስጡ የሚገኘው እጅግ አደገኛው ነገር የእጁ ላብ ያረፈበት የመፍቻው እጀታ ነው። እሱም ከእኔ በቀር ማንንም አይጎዳም።

ሙሉን «ግዴለሽ» ያሉበትን ቃል በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ ያንሱላት። ግዴለሽ ሰው የእናቱን ንጽሕና ብሎ ወደ ወንዝ አይወርድም። ግዴለሽነት ምን እንደሆነ ማስተማር ካስፈለገ ክቡርነትዎ ምሳሌ ፍለጋ ያን ያህል መራቅ አያስፈልግዎትም።

የወንዙን ዳር ደግሞ እባክዎ ምልክት ያድርጉበት። እኔ ከስፌት የተረፈ ቀይ ጨርቅ ቀድጄ፣ ሥራውን የለቀቀው አማን በእንጨት ላይ አሥሮ ከምሽጉ ዙሪያ ተክሎት ነበር። ኮሚቴው «ያልተፈቀደ ምልክት» ብሎ ነቀለው፤ እንደሚቀጣንም አስጠነቀቀን። የተፈቀደው ምልክት ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ቀለሙና ስፋቱም ምን ያህል እንደሆነ ቢገልጹልን በነፃ እሰፋለሁ። እስከዚያው ግን በዚያ ወንዝ ዳር ያለው ብቸኛ ምልክት የሙሉ የተቀደደ ጀሪካን ነው፤ ፈቃድ ስለሌለው እሱንም እንዳታነሱት እሰጋለሁ።

ለሰጡን ጥበቃ፣ ለነፈጉን ውሃ፣ ለጠሩት ወንድሜ፣ ጥቆማ ደርሶዎት ሕዝቡ እንዳይሸበር ሲሉ ለዋጡት ወሬ፣ በሞላ ታንከር ሥር ተቀምጦ መጠማት ምን እንደሚመስል ስላስተማሩን፣ በሠፈሩ ነዋሪ ሁሉ ስም ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ወገቤ ባይታጠፍም እንደ ታጠፈ ይቁጠሩልኝ።

የክቡርነትዎ አክባሪና፣ ኮትዎ እንደገና የጠበበዎ ቀን በሬን እንዳያንኳኩ አጥብቃ የምትለምን፣

ሁሪያ ኡበይደላ
መርሳ፣ የካቲት 2015 ዓ.ም.

ከፊርማዬ በኋላ የጨመርኩት፦ እማማ ፋንቱ ዓይናቸው ሞራ ስለጋረደው፣ ጆሯቸውም ስለደከመ የልጃቸውን እግር ነገር እስካሁን አልነገርናቸውም። ሙሉ ወደ አልጋቸው ስትቀርብ ክራንቿን ደጅ ትታ ግድግዳውን ይዛ ትገባለች፤ እግሯንም በጋቢ ትሸፍናለች። ያን ዕለት በጥድፊያ ታዝለው ለምን እንደ ወጡ ሲጠይቁንም ሌላ ቃል ብናጣ «ኮሚቴው ከፈንጂ ሊያድነን ነው» አልናቸው። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ገና ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ያን ሰው ልጆቹን ያሳድግለት፣ ደጁን አይዝጋበት፤ ልጄን አተረፈልኝ» እያሉ ክቡርነትዎን ይመርቃሉ። ሙሉ እግራቸውን እያጠበች አሜን ትላለች። እንግዲህ በዚህች ከተማ ከልቡ የሚመርቅዎት አንድ ሰው አለ ማለት ነው፤ እማማ ፋንቱ እውነቱን እስኪሰሙ ድረስ ምርቃቱ የእርስዎ ነውና ይጠቀሙበት።